የስታይል ኦ ዘንባባዎች

የሎስ አንጀለሱ ናሽናል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930 ገበያ ላይ ያዋለው ስታይል ኦ ጊታር ገላው ብረት ነው። ድምፁን የሚያጎላው በሆዱ ውስጥ የተቀመጠ የአሉሚኒየም ሾጣጣ ሲሆን፣ ፊቱና ጀርባው ላይ የሃዋይ ዘንባባና ባሕር ተስሏል። ብዙዎቻችን ያየነው በ1985ቱ የዳየር ስትሬትስ አልበም፣ በብራዘርስ ኢን አርምስ ሽፋን ላይ ነው፤ ሰማይ ላይ የተንሳፈፈው የባንዱ ጊታር ተጫዋች የማርክ ኖፕፍለር የ1937 ስታይል ኦ ነው።

ናሽናል ውድ ጊታሮቹን በእጅ ያስቀርጽ ነበር፤ በስታይል 4 ላይ ያሉት አበቦች በመቅረጫ አንድ በአንድ የወጡ ናቸው። ስታይል ኦ ግን ከእነዚህ ይረክስ ነበር፤ በኒኬል የተለበጠው ገላ በከፊል ተሸፍኖ አሸዋ በኃይል ይነፋበት ነበር። አሸዋ ያገኘው ይደበዝዛል፣ የተሸፈነው እንዳበራ ይቀራል። ቡራዩ ውስጥ በስክሪን ፕሪንት ቲሸርት የሚያትም ወጣት ይህን ዘዴ ወዲያው ይረዳዋል። እሱም በፍሬም የተወጠረውን ስስ ጨርቅ በከፊል ደፍኖ፣ ባልተደፈነው በኩል ቀለሙን በጎማ ገፍቶ ያሳልፋል።

ሥዕሉ ራሱ እኩል አልተሳካም። ፊት ላይ የሾጣጣው ክዳን መሐሉን ስለያዘው ዘንባባዎቹ ጠርዝ ላይ ተጨናንቀዋል። ጀርባው ግን ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሠዓሊው እዚያ ተንፍሷል፣ ሰማዩም ሰማይ ይመስላል። የሚያሳዝነው ጊታሩ እንደ ሃዋዮች ጭን ላይ ተጋድሞ ሲመታ ይህ ምርጥ ገጽ ጭን ላይ ተደፍቶ መዋሉ ነው። ፊቱም ወደ ጣሪያ ይዞራል፤ አድማጭ አንዱንም በቅጡ አያይም። ከ1915ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ኤግዚቢሽን በኋላ አሜሪካ በሃዋይ ሙዚቃ ሰክራ ነበርና፣ ዘንባባው ገዢ ለመሳብ እንጂ ለመድረክ የታሰበ አይመስለኝም።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ጭን ላይ የሚመታ ጊታር አንገት ነው። በእንዲህ ያለ ጊታር ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው ይወጠራሉ፤ በግራ እጅ የሚንሸራተተው ብረት ክሩን እንጂ እንጨቱን አይነካም። ስለዚህ አንገቱ ላይ የሚተከል የብረት መለያ (ፍሬት) አያስፈልግም፤ የታተመ መስመር ይበቃል፣ ቀለሙም በጣት አይፋቅም። እዚህ ኅትመት ጌጥነቱ ቀርቶ ተጫዋቹ በዓይኑ የሚያነበው መንገድ ይሆናል። የስታይል ኦ ዘንባባ ይህን ያህል አልሠራም።

የእኛ ማሲንቆ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለውም፤ ተጫዋቹን ጆሮው ብቻ ይመራዋል፤ ይህን የሚያህል ትምህርት ቤት የለም። ለጀማሪ ግን አንገቱ ላይ የትዝታን ቅኝት በአንድ ቀለም፣ የባቲን በሌላ ቀለም የሚያትም ሰው ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። ጠፍጣፋ አንገት ደግሞ ለስክሪን ከተጠማዘዘ ገላ ይቀላል። ጥንቃቄው ልኬቱ ላይ ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክር የትዝታ ሜጀር መስመሮች ከክሩ መነሻ በ6.5፣ በ12.4፣ በ20፣ በ24.3 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወድቃሉ። ፍሬሙ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ዓይኑን ያመነ ተጫዋች ከቅኝቱ ይወጣል።