የጥጥ እርሻው መዝገብ

የሚሲሲፒ ባለ እርሻ ቤተሰቦች የሂሳብ መዝገብ ሲይዙ ለታሪክ ብለው አልነበረም፤ ዕዳ ለመቁጠር ነው። በ1895 (እ.ኤ.አ.) ዊል ዶከሪ የመሠረተው የጥጥ እርሻ የራሱ ሱቅ፣ ሌላው ቀርቶ የራሱ መገበያያ ገንዘብ ነበረው። በእንዲህ ያሉ እርሻዎች እኩል አራሹ ዓመቱን ሙሉ ዱቄቱን፣ ሥጋውን፣ ጫማውን በዱቤ ይወስዳል፤ ወለድ ይታሰብበታል። ጥጡ ተለቅሞ፣ ተዳምጦ ሲሸጥ ሂሳቡ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ አራሹ ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል፣ ዕዳውም ለከርሞ ይዞራል። ብዕሩ በአንደኛው ወገን እጅ ነበርና ቁጥሩን ሁሉ እመኑ አልልም።

እኔን ግን የሚማርከኝ በባርነት ዘመን በተያዙት የእርሻ መዝገቦች የሰፈረው የሰው ስም ነው። በ1850 እና በ1860 የአሜሪካ ቆጠራ ባሪያዎች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ተመዘገቡ። አብዛኞቹ በስም የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው የጌቶቻቸውን መዝገብ ማገላበጥ ግድ ይሆንበታል፦ ማን ስንት ጥጥ ለቀመ፣ ብርድ ልብስ ለማን ተሰጠ፣ ማን ወለደች። ለጥቅም የተጻፈ ቢሆንም፣ ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከመንግሥት ሰነድ የተሻለ ምስክር እሱ ነው።