ስለ ፉከራና ስለ ሙሾ

ሰው የገዛ መልኩን የሚያየው በመስተዋት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ሕዝብም የገዛ ጠባዩን የሚያየው ስላለፈው ዘመኑ በሚናገረው ቃል ነው። መስተዋቱ የጠራ እንደ ሆነ መልክን እንዳለ ያሳያል፤ የተጣመመ እንደ ሆነ ግን ወይ አሳምሮ ወይ አክፍቶ ያሳያል። እኛ ኢትዮጵያውያን ማን ናችሁ ተብለን ስንጠየቅ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠራው ጦርነትን ነው፤ መቅደላን፥ ዐድዋን፥ ማይጨውን፥ የአምስቱን ዓመት አርበኝነት። ይህ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። እነዚያ ሰዎች ባይዋደቁ ኖሮ ዛሬ በስማችን የምንጠራ ሕዝብ መሆናችን ያጠራጥር ነበርና። ነገር ግን ጦርነቱን በምን ዐይነት ቃል እንደምናስታውሰው መመርመር ይገባናል።

ጦርነትን የምናስታውስባቸው ሁለት የቃል ጥበቦች አሉን። አንደኛው ፉከራ ነው፤ ሁለተኛው ሙሾ ነው። ፉከራ የአደባባይ ነው፤ ሙሾ የልቅሶ ቤት ነው። ፉካሪው ዘራፍ ብሎ ይነሣና ጠመንጃውን ወይም ዱላውን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደደ የአባቱን ስም፥ የፈረሱን ስም፥ የገደለውን ሁሉ ይቈጥራል። አልቃሿ ግን የሞተውን በስሙ እየጠራች ደግነቱን፥ ለቤቱ ምን እንደ ነበረና በመሞቱ ምን እንደ ጐደለ ትናገራለች። ሁለቱም ስለ አንድ ጦርነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ የሚያዩት ነገር ግን አይገናኝም።

ፉከራ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። በቀድሞ ዘመን ወታደሩ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ግዳዩን በጌታው ፊት ጥሎ ይፎክር ነበር። ይህም ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ምስክርነትም ነበረ። ሹመትና ሽልማት የሚገኘው በዚያ ነውና። ስለዚህ ቃሉ ሁሉ «እኔ» ይላል፤ የሚቈጥረውም የገደለውን እንጂ ያዳነውን አይደለም። ስንቅ የተሸከመው ሰው የሚጥለው ግዳይ የለውም፤ ዱቄት ስትፈጭ ያደረችውም ሴት በዚያ አደባባይ ተራ አልተሰጣትም። የጥበቡን ውበት አልክድም። ቃሉ አጭር፥ ምቱ ፈጣን፥ የፈራውን ሰው ከተቀመጠበት የሚያስነሣ ነው። ነገር ግን ለሽልማት የተነገረውን ቃል የአገር ታሪክ አድርገን ስንወስደው ጕድለቱም አብሮ ይመጣል።

በአቀስታና በዙሪያዋ ላደገ ወጣት የዚህ ነገር ምስክር ሩቅ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ካስነገሩ በኋላ፥ በጥቅምት ወር ሠራዊት የተሰበሰበበት ዋነኛው ቦታ ወረ ኢሉ ነበረ። ወደ ዐድዋ የዘመተው መቶ ሺሕ ያህል የሚገመት ሠራዊት ምግቡ ከሰማይ አልወረደለትም። ያውም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ከከብቱ እልቂት ጋራ አገሩን ካራቈተ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ገበሬው ወድዶም ሆነ ተገድዶ እህሉን ሰጠ። አህያና በቅሎ ተጫነ። ሴቶች እየፈጩ፥ እየጋገሩ፥ ውሃ እየቀዱ ተከተሉ። በመቀሌ ምሽግ የነበረው ጠላት እጁን እንዲሰጥ ያስገደደው ነገር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው መያዙ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ በአንድ ቀን ተፈጸመ፤ ሠራዊቱን ለዚያ ቀን ያደረሰው ግን የወራት ጕዞና የወራት ስንቅ ነበረ። ፉከራ ያችን አንድ ቀን ያውቃል፤ ወራቱን አያውቅም።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የከፋ ነው፤ ፉከራ ጠላቱን አይለይም። የወሎን ፈረሰኛ ይዘው በዐድዋ የተሰለፉት ራስ ሚካኤል፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ንጉሥ ተብለው፥ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ከሸዋ ጦር ጋራ ተዋጉ፤ ድል ሆነውም ተማረኩ። በዐድዋ ጐን ለጐን የቆሙ ሰዎችና የልጆቻቸው ልጆች በዚያች ሜዳ ተላለቁ። በሰገሌ ዘራፍ ላለው ሰው አዲስ ቃል አላስፈለገውም፤ የዐድዋው ቃል እንዳለ ይበቃው ነበር። ዐድዋን በያመቱ እናከብራለን፤ ለሰገሌ ግን የመታሰቢያ ቀን የለንም። ለፉከራ የማይመች ነገር ሁሉ ከመታሰቢያችን ይወጣልና።

መቅደላንም እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መምረጣቸው የክብር ምሳሌ ሆኖናል፤ መሆንም ይገባዋል። ነገር ግን በዚያው አምባ፥ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ባመለጡ ጊዜ፥ ንጉሡ ተቈጥተው የወሎን መያዣዎች ከወይዘሮ ወርቂት ልጅ ጋራ አስገድለዋል። የመጀመሪያውን ነገር ፉከራ ይይዘዋል፤ ሁለተኛውን ሊይዘው የሚችል ሙሾ ብቻ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ለአንዱ ኢትዮጵያዊ ኵራት የሆነው አምባ ለሌላው የሐዘን ቦታ መሆኑን ካልተረዳን፥ የአንድ አገር ልጆች ነን የምንለው ቃል ከአፍ አያልፍም።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። አውስትራልያውያን ሕዝብ መሆናችንን ያወቅንበት ነው የሚሉት ቦታ በቱርክ አገር ያለው ጋሊፖሊ ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 1907 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ሆነው ወረዱበት፤ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተባቸው፤ ሳያሸንፉም ለቀው ወጡ። ሆኖም ቀኑን በያመቱ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ያስቡታል። ከዚያ ጦርነት እጅግ የሚወዱት አንድ ሰው ሲምሰን የሚባለው ቍስለኛ አንሺ ነው። ይህ ሰው ስሙ የተጠራው በገደለው አይደለም፤ ቍስለኞችን በአህያ እየጫነ ከተኩስ ውስጥ ያወጣ ነበር፤ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ተገደለ። ባለ አህያውን ጀግና ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። የነርሱም መስተዋት ግን ንጹሕ አይደለም፤ በገዛ ምድራቸው ላይ ነባሩ ሕዝብ የተፈጀበትን ጦርነት ለረጅም ዘመን ከመታሰቢያቸው አስወጥተው ኖረዋልና። እኛስ ስንት ባለ አህያ ነበረን? ከነርሱስ የአንዱን ስም እናውቃለን?

አንዳንድ ሰው፦ ሙሾ ልብ ያደክማል፤ ፉከራ ባይኖር አገርን ማን ይጠብቃል? ይል ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው። በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጭስ በሠራዊታችን ላይ ከዘነበ በኋላ አርበኞች በዱር በገደል አምስት ዓመት የታገሉት ልባቸው በፉከራም ስለ ተደገፈ ነው። ነገር ግን አርበኛው ያደረው በማን ቤት ነው? ስንቅና ወሬ ያቀበለው ማን ነው? የሚያውቀውን ሞት እያለቀሰ የሚዋጋ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ስለ ምን እንደሚዋጋ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሰገሌ መጥራት ያስቸግራል።

ጥያቄው የድሮ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት፥ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በውጊያ መካከል ወድቀው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በዐማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። ያንድ አገር ልጆች እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ፉከራም በየወገኑ ተሰማ። እናቶች ግን ያለቀሱት በየቤታቸው ነው።

እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የአባቶችህን ፉከራ አትናቅ፤ ድፍረትን ተማርበት። ነገር ግን ፉካሪው ሲጨርስ ተነሥተህ አትሂድ። በሰፈርህ ያሉትን አሮጊቶች ማን ዘምቶ እንደ ቀረ፥ በማን እህል እንደ ዘመተ፥ ከማን ጋራ እንደ ተዋጋ ጠይቃቸው፤ የሚነግሩህንም በደብተርህ ጻፍ። የተጻፈውን ለጓደኞችህ፥ በተለይም አያቱ ከአያትህ ጋራ ለተዋጋው ጓደኛህ፥ አንብብለት፤ የርሱንም አድምጥ።