የተቆጣ ጡንቻ ሁሉ መብረድ አለበት?

የአንቲኦክሲዳንት ክኒን ሻጮች ለሯጭ የሚነግሩት ነገር አጭር ነው፦ ልምምድ ጎጂ ሞለኪውሎችን ያመነጫል፣ እነሱ ጡንቻን ያስቆጣሉ፣ ቪታሚን ሲ እና ኢ ያጠፏቸዋል፤ ስለዚህ ዋጡ። ሞለኪውሎቹ መፈጠራቸው እውነት ነው። ችግሩ ያለው «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። በአማርኛ ቁስል «ተቆጣ» እንላለን፤ የዕብራይስጡ «ዳለኬት» ደግሞ ከእሳት መንደድ የመጣ ቃል ነው። የተቆጣ ይብረድ፣ የነደደ ይጥፋ ማለት ይቀናናል። ግን ቁጣ ተግሣጽም ይሆናል። ከረጅም ሩጫ በኋላ እነዚያው ሞለኪውሎች ለጡንቻው «ተጠናከር» የሚል መልእክት ያደርሳሉ፤ ሴሉም የኃይል ማመንጫዎቹን፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ያበዛል።

መልእክቱን ብናፍነውስ? እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የጀርመን ጥናት ወጣት ወንዶች ለ4 ሳምንት ሠለጠኑ። በቀን 1000 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ የወሰዱት፣ ልምምድ ለኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠውን ጥቅም ሳያገኙ ቀሩ፤ ያልወሰዱት አገኙ። በ2014 የታተመው የኖርዌይ ጥናት ደግሞ 54 ሰዎችን ለ11 ሳምንት ተከታተለ። ቪታሚን በወሰዱት ጡንቻ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ምልክቶች እንደሌሎቹ አልጨመሩም።

እዚህ ላይ «ክኒኑ ሯጭን ያዳክማል» ብሎ መጮህም መቸኮል ነው። በዚያው በኖርዌዩ ጥናት የሁለቱም ቡድኖች ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በተመሳሳይ መጠን አድጓል። በደቡብ አፍሪካው የኮምሬድስ ሩጫ በ1993 የታተመ ጥናትም፣ በቀን 600 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ የወሰዱ ሯጮች ከውድድሩ በኋላ ጉንፋን ያነሰ እንደያዛቸው አሳይቷል። ይህ ግን ለከባድ ውድድር ሰሞን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ለመዋጥ ማስረጃ አይሆንም።

የጡንቻ ሕመምን በተመለከተ፣ የ2017ቱ የኮክራን ግምገማ 50 ጥናቶችን መርምሮ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። ከተሳታፊዎቹም ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ወንዶች ናቸው። የምትሮጡ ሴቶች፣ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለውን ጽሑፍ ስታዩ «በማን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐኪም ደም መርምሮ የሚያዝዘው ብረት ወይም ቪታሚን ዲ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጎደለ ይሞላል። ሳይጎድል «ለማንኛውም» ተብሎ በየቀኑ የሚዋጠው ግን፣ ላብ አፍስሳችሁ የሠራችሁትን ሥራ ሊያፍን ይችላል። ብርቱካኑን ብሉ፣ በደንብ ተኙ፤ ጡንቻውም ትንሽ ይቆጣ።