ከስደት በፊት የምትደርስ ላም
በቦረና ቆላ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚለቀው ቀዬውን ነው፤ ነገሌ ወይም ያቤሎ ዳር ወጥቶ በላስቲክ መጠለያ ይወድቃል። የቦረናዎችን የመረዳጃ ልማድ፣ ቡሳ ጎኖፋን፣ የማደንቀው ከዚህ ስደት በፊት ስለሚደርስ ነው። ጎሳው ተሰብስቦ የጉዳቱን ምክንያት ይመረምራል፤ ከዚያም ከብት ባላቸው አባላት ላይ መድቦ ለተቸገረው ላም ይሰጣል። ተቀባዩ የአባልነት መብቱን ጠየቀ እንጂ ምጽዋት አልለመነም፤ በወተቱም ልጆቹን እያሳደገ በቀዬው ይቆያል።

ድርቅ ሁሉንም ሲያደኸይ ሰጪ ይጠፋል የሚለው ሙግት ከባድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር የቦረናዋ ዱብሉቅ በተፈናቃዮች መጠለያ ተሞልታ ነበር። ይህ የሚያሳየው ግን የልማዱን አቅም ማነስ እንጂ የአሠራሩን ስህተት አይደለም። መንግሥትና የረድኤት ድርጅቶች ከእርዳታ እህሉ ጎን ላም ይግዙ፤ ለማን እንደሚሰጥ የመወሰኑን ሥልጣን ግን ለጎሳው ጉባኤ ይተዉ።