መጠየቅን ማለማመድ

አንድ ተማሪ በአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም በኢራስመስ ፕላስ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን ሲሄድ ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው ቪዛውና ሻንጣው ነው። የሻንጣው ነገር ቀላል ነው፦ በርበሬና ሽሮ ይያዝ፣ ቅቤና ቋንጣ ይቅር፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል።

እኔ ተማሪዎቹን ለጉዞው ሳዘጋጅ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው መጠየቅን ለማለማመድ ነው። ልጆቻችን ያደጉት «በቃኝ» ሲሉ «በሞቴ» እየተባሉ ነው። እዚያ በቃኝ ያለ ሰው በቅቶታል፤ ጋባዡ ቃሉን አክብሮ ሳህኑን ያነሳል፣ ልጁም ጦሙን ያድራል። ትምህርት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። መምህር ፊት አንገት ደፍቶ ማዳመጥ እዚህ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ሴሚናር ላይ ዝም ያለ ተማሪ ሳያነብ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ አንዱን ፕሮፌሰር አንዱን ተማሪ አሰኝቼ፣ «ይህ አልገባኝም፤ ቢደግሙልኝ» ማለትን አለማምዳቸዋለሁ። መጀመሪያ ይሣቃሉ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ይሰልላል፣ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ሥራዬ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ትሕትናቸውን እንዲጥሉ ፈጽሞ አልፈልግም፤ አክብሮ መጠየቅ እንደሚቻል ግን አፋቸው ራሱ እስኪለምደው ደጋግመን እንለዋለን።

ውጤትንም አስቀድመው ይወቁት። እኛ ዘንድ 4.0 የጎበዝ ተማሪ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ለጥቂት ማለፍ ነው፣ ከሁሉ የሚበልጠውም 1.0 ነው። የሴሚስተሩ ሙሉ ጭነት 30 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። በዚያ ውስጥ ብቻቸውን የሚያነቡበት ሰዓት ስለሚቆጠር፣ ባዶ የሚመስለው የሳምንት ፕሮግራም እንዳያታልላቸው አስጠነቅቃለሁ። ስልካቸውንም ከወዲሁ በፈረንጅ ሰዓት እንዲያነቡ አደርጋለሁ፤ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ እዚያ ዘጠኝ ተብሎ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድም፣ በዚያ ስም ሲጠሩ «አቤት» ማለትን ይልመዱ።

ከሁሉ የማጠብቀው ለርኒንግ አግሪመንቱን ነው። እዚያ የሚወስዷቸው ኮርሶች እዚህ በየትኞቹ ምትክ እንደሚያዙ ከመሄዳቸው በፊት ካልተፈረመ፣ ሲመለሱ የደከሙበት ትምህርት ሳይያዝላቸው ሊቀር ይችላል። ወረቀቱን ግን ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ይዤላቸው አልሄድም። ራሳቸው አንኳኩተው ይገባሉ፣ ራሳቸው ያስረዳሉ፤ አይሆንም ከተባሉም ምክንያቱን ጠይቀው ይመጣሉ።