የጋስጫው ሊቅና የሃይደልበርግ ጥያቄ

ሃይማኖትን በየዕለቱ ኑሮ ስለ ማሳደግ ብዙ ይሰበካል፤ ምእመኑ የሚያድግበት መጽሐፍ እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ገጽ ሁለት መጻሕፍትን ጐን ለጐን አኑረን ልንመለከት ወደድን። አንደኛው የቦረናው ሊቅ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ምሥጢር ነው። ሁለተኛው የካልቪንን መንገድ ከተከተሉት የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የወጣው የሃይደልበርግ የጥያቄና የመልስ መጽሐፍ ነው። የወሎን ገዳም ከጀርመን ከተማ ጋር ማነጻጸር ያለ ቦታው የተደረገ የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ፥ በመጀመሪያ ትምህርት አልገባ ብሎት ተጨንቆ ወደ እመቤታችን እንደ ለመነ ገድሉ የሚናገርለት ሰው ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ ከሚባል የውጭ አገር ሰው ጋር ስለ ሃይማኖት ተከራክሮአል፤ እስራትንም ቀምሶአል። መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸመው በ1416 ዓመተ ምሕረት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የመናፍቁን ስም ይጠራል፥ ነገሩን ያቀርባል፥ ከብሉይና ከሐዲስ ምስክር እየጠቀሰ ያፈርሰዋል፤ ክፍሎቹም በየበዓሉ እንዲነበቡ ተመድበዋል። የቦረናና የሳይንት ገበሬ የሥራውንም የዕረፍቱንም ቀን በበዓላት የሚቈጥር ስለ ሆነ፥ ትምህርቱን ከበዓላት ጋር ማሰር አገሬውን የሚያውቅ ሰው አሳብ ነው። ዓመቱ ራሱ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው።

የሃይደልበርጉ መጽሐፍ የታተመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1563 ሲሆን፥ ያሠራው መስፍኑ ፍሬድሪክ ሣልሳዊ ነው፤ ከጸሐፊዎቹ ዋና የሚባለው ዑርሲኑስ ያን ጊዜ የ28 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። ጥያቄዎቹ 129 ናቸው፤ እነርሱም በ52 እሑዶች ተከፍለው በአንድ ዓመት ይፈጸማሉ። በዚህ ነገር ሁለቱ መጻሕፍት ሳይተዋወቁ ወንድማማች ሆነዋል፤ ሁለቱም ትምህርትን በመደርደሪያ አላስቀመጡትም፥ በቀን መቍጠሪያ ላይ አኖሩት እንጂ። ደግሞም ይህ የካልቪን ወገን ትምህርት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ በ1919 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ ወለጋ ወደ ሰዮ ከገባ ወዲህ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ ሥር ናት፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተባብራለች።

ልዩነታቸው የሚታወቀው ግን ለማን እንደሚናገሩ ሲመረመር ነው። መጽሐፈ ምሥጢር ፊቱን ወደ ሰባልዮስ፥ ወደ አርዮስና ወደ ንስጥሮስ መልሶ ይናገራል፤ ምእመኑ ከጐን ቆሞ ክርክሩን እንደሚሰማ ሰው ነው። ሃይደልበርግ ግን ሰሚውን ራሱን ይይዛል። ስለ ጌታ መፀነስና መወለድ ከተናገረ በኋላ ይህ ነገር ለአንተ ምን ይጠቅምሃል ብሎ ይጠይቃል፤ ስለ ትንሣኤውም፥ ስለ ዕርገቱም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር፥ ለተራው ምእመን ለዕለት ዕድገቱ ይህ አጠያየቅ ይበልጣል። በመካነ ሰላም ገበያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይነግዳሉ፥ በሠርግም በለቅሶም አብረው ይውላሉ። ጐረቤቱ በቅን ልብ እግዚአብሔር ሰው ሆነ ስለ ምን ትላላችሁ ብሎ ቢጠይቀው፥ የሰባልዮስን ስም ማወቅ ብቻ ለክርስቲያኑ አፍ አይሆነውም። ይህ መጽሐፈ ምሥጢርን መንቀፍ አይደለም፤ ሊቁ የጻፈው ለሊቃውንት ክርክር ነውና። ጥፋቱ ከእርሱ በኋላ ምግቡን ለልጆች ያልቈረሱት ሰዎች ነው።

አሁን ደግሞ የሃይደልበርግን መጽሐፍ በወሎ ምድር እንፈትነው። በ27ኛው ጥያቄ ዝናምና ድርቅ፥ ጥጋብና ራብ ሁሉ ከእግዚአብሔር አባታዊ እጅ እንጂ በአጋጣሚ እንደማይመጡ ያስተምራል። የ1966ንና የ1977ን ራብ ያየ የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ጠግቦ የሚያድር ሰው ለተራበ ሰው ቢናገረው ጭካኔ ነው፤ ለሹም ቢሰጥ ደግሞ የእህሉን ጐተራ ለመዝጋት ምክንያት ይሆነዋል። ነገር ግን መጽሐፉ ቃሉን ያኖረው በሚጠየቀው ሰው አፍ ውስጥ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ በገዛ አፉ ከአባት እጅ አልወጣሁም ቢል፥ ያ ሃይማኖት ነው። ሰባኪ ሁሉ ይህን ልዩነት ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ከእነርሱ ዘንድም የማይጠብቅ አይጠፋም።

የሃይደልበርጉ ጐደሎ ሌላ ነው። መጽሐፉ አቡነ ዘበሰማያትን እየተረጐመ ሄዶ በመጨረሻው ጥያቄ አሜን ማለት ምን እንደ ሆነ ጠይቆ ይፈጸማል። ጸሎትን ያስረዳል፥ አይጸልይም። የአባ ጊዮርጊስ ሰዓታት ግን ትርጓሜውን ሳይጠይቅ ሌሊቱን ሁሉ አሜን ሲል ያነጋል። ሥጋ በመቆም ይደክማል፥ ጆሮ በዜማ ይሰለጥናል፥ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ይቀበላል። ይህን በእሑድ ጥያቄና መልስ አይተኩትም። ሆኖም ግእዝ የማያውቀው ሰው በዚያ ሌሊት ለምን ነገር አሜን እንዳለ ቢጠየቅ ምን ሊመልስ ነው? የእኛም ጐደሎ ይህ ነው፤ ይህንንም በቅኔ ብዛት መሸፈን አይቻልም።

መሣሪያው በእጃችን ነው። ከቦረና ከዓባይ ማዶ ከጐጃም የወጣው አባ አብርሃም፥ አቡ ሩሚ የሚባለው፥ በካይሮ 10 ዓመት ተቀምጦ መጻሕፍትን ሁሉ ወደ አማርኛ መለሰ። ወንጌሉ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ በ1840 በአውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ታተመ። እርሱ ራሱ ግን በ1819 በወረርሽኝ ሞቶ ኅትመቱን አላየም። የአንድምታ መምህራንም ጥንቱን ንባቡን በግእዝ፥ ምሥጢሩን በአማርኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እንግዲህ የቀረው አንድ መሪጌታ ወይም አንድ መምህር መጽሐፈ ምሥጢርን ወስዶ፥ የመናፍቁን ስም ወደ ኅዳግ አውርዶ፥ ለየበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ በአማርኛ ማውጣት ነው። ለልደት ዋዜማ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ቢሆን፦ ጌታ ሥጋ ለብሶ በበረት መተኛቱ ለአንተ፥ ዛሬ በቤትህ፥ ምን አደረገልህ? መልሱንም ካህኑ ሳይሆን የቤቱ ልጅ እናቱ እየሰማች ይናገረው።