ባሩድ ሲመረጥ ዓይን ይቀድማል

አሜሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ገብቶ የባሩድ መደርደሪያ ፊት የቆመ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኃይለኛው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከመነሻው ጠማማ ነው። የሽጉጥ ባሩድ በኃይሉ አይመረጥም። አምራቹ በመመሪያው ባወጣው መጠን ከተሰፈረ ኢላማ የሚያስመታ ጥይት የማይወጣው የታወቀ ባሩድ የለም። የባሩድ ዐዋቂ የሚያየው ሌላ ሌላውን ነው፤ ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ከመስፈሪያው ሁልጊዜ እኩል ይወርዳል? ቀለሁ ውስጥ ወደ ፊት ቢተኛም ወደ ኋላ አንድ ዓይነት ይነዳል? እኔ ከሦስቱ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ።

የተተኮሰን ቀለህ አጽድቶ፣ ፕራይመር የሚባለውን እሳት ጫሪ ለውጦ፣ ባሩድ ሰፍሮና አረር አግብቶ መልሶ ጥይት ማድረግ እዚያ አገር ሕጋዊና የቆየ የቤት ሙያ ነው። አገር ቤት ሕጉ ሌላ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ ለዚያ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር አስቀድሜ እላለሁ። አሜሪካ የሚኖር፣ ቅዳሜና እሁድ ኢላማ ተኩስ የሚወድ ሰው ግን ይጠቀምበታል።

የመጠኑ ነገር ለምን እንደሚቀድም የሚገባው ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ነው። .45 ኮልት የተወለደው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው፤ .38 ስፔሻል ደግሞ የዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ መጣ። የሁለቱም ቀለህ የተቆረጠው በጥቁር ባሩድ ልክ ነበር። ጥቁር ባሩድ እስከ አረሩ ቂጥ ሞልቶ ካልታመቀ አይሆንለትም፤ .38ቱ ብቻ 21 ግሬን ገደማ ይወስድ ነበር። ግሬን ማለት 7,000ው አንድ ፓውንድ የሚሞላ ትንሽ መለኪያ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን የዚያን ሁሉ ሥራ ጥቂት ግሬን ይሠራው ጀመር። ባሩዱ አነሰ፤ ቀለሁ ግን እንደ ድሮው ቀረ። ስለዚህ የሪቮልቨር ባለቤት እስከ ዛሬ የሚሞላው አብዛኛው ባዶ የሆነ ቀለህ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ቡልስአይ የሚባለውን ባሩድ እንውሰድ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ ፈጣን፣ ትክክለኛነቱ የተመሰከረለት ባሩድ ነው፤ የወረቀት ኢላማ ተኳሾች ለ.38 ስፔሻል የሚሰፍሩት ከ3 ግሬን እምብዛም አያልፍም። ይህች መጠን ቀለሁ ግርጌ ላይ ተኝታ ከላይ ለሚያያት በጭንቅ ትታያለች። አንድ ሰው ስልክ ጠርቶት ተመልሶ ሁለተኛ ቢሰፍርባት ቀለሁ አይሞላም፤ ሦስተኛም ቢጨምር ቦታ አያጣም። የ.38 ስፔሻል የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ነው። እጥፍ የገባበት ጥይት ይህን ጣሪያ አልፎ የሪቮልቨሩን ከበሮ ሊሰነጥቅ ይችላል። ዩኒክ የተባለው ወንድሙ ግን ፍሬው እንደ ቅጠል ሰፋፊ ነው፤ ፍጥነቱም መካከለኛ ስለሆነ የሚሰፈረው ይበዛል። በስህተት ሁለቴ ቢሰፈር ቀለሁን ከግማሽ በላይ ይሞላዋል፤ መብራት ስር ያለ ዓይን ደግሞ ይህን አይስትም። ለኔ የጥሩ ባሩድ የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነው፤ የሰፋሪውን ስህተት የማይደብቅ።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰደው ትሬይል ቦስ ነበር። ሆጅደን የሚባለው ድርጅት ለካውቦይ ተኳሾች ያወጣው ባሩድ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ መሃሉ ቀዳዳ ስለሆነ በትንሽ ክብደት ብዙ ቦታ ይይዛል። የድሮውን የጥቁር ባሩድ ቀለህ በለስላሳ ጥይት ለመሙላት ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም።

ለ9 ሚሊሜትር ጭንቀቱ ቀለል ይላል። ቀለሁ አጭር ነው፤ አብዛኛው መካከለኛ ባሩድ ሁለቴ ሲሰፈርበት አፉ ድረስ ይደርሳል ወይም ይፈሳል። እዚህ ዓይን ስለማይቸገር ሁለተኛው መመዘኛ ይቀድማል፤ እኩል መውረድ። የባሩድ ፍሬ ቅርጹ ሦስት ነው፤ ቅጠል፣ ድብልብልና ቁራጭ እንጨት የሚመስል። ድብልብሉ እንደ ጤፍ ይንሸራተታል፤ መስፈሪያው ውስጥ ሳይንጠለጠል ሁልጊዜ አንድ ልክ ይወርዳል። ዊንቸስተር 231 ከዚህ ወገን ነው። ዩኒክ ግን ቅጠሉ ሰፊ በመሆኑ መስፈሪያው አንገት ላይ ይደራረባል፤ አንዴ ያጎድላል፣ አንዴ ያተርፋል። አንድ ነገር ሰጥቶ አንድ ነገር የሚነሳ ባሩድ ነው።

ይህን ሱቅ ውስጥ መፈተን አይቻልም፤ ቤት ግን ቀላል ነው። መስፈሪያውን አንድ ቦታ ላይ አስሮ አሥር ጊዜ መስፈርና እያንዳንዱን ለየብቻ መመዘን ነው። 4 ግሬን በሚሰፈርበት ጥይት ላይ የ0.1 ግሬን ልዩነት ከመቶ 2.5 ነው፤ የሚታገሡት ነገር ነው። 0.2 ሲደርስ ከመቶ 5 ይሆናል፤ የግፊቱ ጣሪያ አጠገብ የሚሰፍር ሰው ይህን መናቅ የለበትም። ብዙ ሰው መስፈሪያውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ባሩዱን እጠረጥራለሁ።

ሦስተኛው ፈተና ክሮኖግራፍ የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ይፈልጋል። ቀለሁ ባዶ ከሆነ ባሩዱ ሽጉጡ ባዘነበለበት ይሄዳል። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኢላማው አውርዶ ሲተኮስ ባሩዱ ፕራይመሩ ላይ ተደግፎ ይነዳል፤ ከምድር አንስቶ ሲተኮስ ደግሞ አረሩ ጋ ተሰብስቦ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት በሰከንድ ከ50 ጫማ ካለፈ ያ ባሩድ ለዚያ ቀለህ አልተፈጠረም ብዬ እፈርዳለሁ። ታይትግሩፕ የሚባለው ባሩድ የተሠራው በተለይ ይህን ችግር ለመቀነስ ነው፤ በዚህ በኩል ምስጉን ነው። ሆኖም ክብደቱ ብዙ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከላይ ያልኩትን የዓይን ፈተና ይወድቃል። እኔ የምመዝነው ከዚያ ነው፤ የክሮኖግራፍ ቁጥር ያማረለት ሁሉ ለጀማሪ አይሆንም።

ማግነም ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። .357 ማግነም በ1935 ሲወጣ ቀለሁ ከ.38 ስፔሻል በ3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ረዘመ፤ የግፊት ጣሪያው ግን ዛሬ 35,000 ነው፤ ከእጥፍ በላይ። እዚህ ዝግ ብሎ የሚነድ ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ አረሩን እስከ አፈሙዙ ጫፍ ይገፋዋል። ኤች110 በዚህ የታወቀ ነው፤ ግን ግትር ነው። ሆጅደን ራሱ ካወጣው መጠን ከመቶ 3 በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ ከወረደ አነዳዱ ይዛባል፣ አረሩም አፈሙዝ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አረር አፈሙዝ ውስጥ ቀርቶ ሳይታወቅ ሌላ ጥይት ከተተኮሰ የሚሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለው 2400 የተባለው ባሩድ ከሱ ትንሽ ፈጥኖ ይነዳል፣ ትንሽም ያጠለሻል፤ ግን መጠኑ ዝቅ ሲል ኤች110ን ያህል አያኮርፍም። አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ጸሐፊ ኤልመር ኪዝ ለ.44 ማግነም መወለድ መንገድ የከፈተው በ2400 ነው። የኪዝ ዘመን መጻሕፍት ላይ ያሉትን መጠኖች ግን ማንም እንዳይሰፍር፤ የዛሬዎቹ መመሪያዎች ከዚያ ዝቅ ያሉት በምክንያት ነው።

ዝግተኛ ባሩድ በለስላሳ ጥይት ውስጥ ሲገባ ሳይነድ የሚተርፍ ፍሬ ይተዋል። ሪቮልቨር ላይ ይህ ፍሬ ቀለህ ከሚያወጣው ኮከብ ስር ይገባና ከበሮው አልዞር ይላል። ሽጉጡ ተበላሸ ብለው ወደ ሠሪ የሚወስዱት አሉ፤ የጥርስ ብሩሽ ይበቃው ነበር። በካዝና የሚሠራው ሽጉጥ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ማቀባበያውን ወደ ኋላ የሚገፋ በቂ ጉልበት ካላገኘ ባዶውን ቀለህ አይተፋም። ስለዚህ ለሪቮልቨር የተመሰገነ በጣም ለስላሳ ጥይት እዚያ ይነቀፋል።

ስለ ጥላሸት ብዙ ይወራል፤ እኔ ብዙ አልጨነቅበትም፤ ጨርቅና ዘይት ያጠፋዋል። ስለ ዋጋም እንዲሁ። በጥይት 3 ግሬን የሚወስድ ባሩድ ከአንድ ፓውንድ 2,300 ጥይት ያህል ይወጣዋል፤ 6 የሚወስደው ግማሹን። ልዩነቱ በአንድ ጥይት ሲታሰብ ከአረሩና ከፕራይመሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለጥቂት ሳንቲም ብሎ የማይታይ ባሩድ የሚመርጥ ሰው ቁጠባን አላወቀም።

ስም አያታልል። ዊንቸስተር 231 እና ኤችፒ-38 አንድ ባሩድ በሁለት ጣሳ ናቸው፤ ዊንቸስተር 296 እና ኤች110ም እንደዚሁ። የረከሰውን መግዛት ነው። ስሙ የተፋቀ ጣሳ፣ ከሰው የተሰጠ፣ ያልታሸገ ባሩድ ግን በነጻም አይወሰድ። የተበላሸ ባሩድ በሽታው ይታወቃል፤ ጣሳው ሲከፈት አሲድ ይሸታል፣ ቀላ ያለ አቧራም ያራግፋል። ጤነኛው የሚሸተው እንደ አልኮልና ኤተር ነው። ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ አይውጣ፤ ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ወደ መጣበት ጣሳ ይመለስ።

አንድ ጣሳ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ፤ ለ.38 ስፔሻልና ለ.45 ኮልት ዩኒክ፣ ለ9 ሚሊሜትር ኤችፒ-38፣ ለማግነም 2400። ቡልስአይ እጅና ዓይን ከተላመዱ በኋላ ይደርሳል። መጠኑን ደግሞ ከኔም ከማንም አይውሰዱ፤ አምራቹ የዘንድሮውን መመሪያ በነጻ ያወጣል፤ ከዝቅተኛው ቁጥር ይጀምሩ።